የመሐንዲሱን አባታችንን የሕይወት ታሪክ ለአርባቸው እንዴት እንጻፍ?

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)
ጤና ይስጥልን። አባታችን ጥቅምት 18 ቀን አረፉ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉት መብራት ኃይል ነው። በአርባቸው አዲስ አበባ የሚነበብና በትንሽ መጽሔት የሚታተም የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀን ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ1963 ሲሆን ዲፕሎማቸው ሐምሌ 1970 ይላል። የአምስት ዓመት ትምህርት ይህን ያህል ስለማይፈጅ አንዱ ስህተት ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ። ረቂቁ ላይ ደግሞ «መልካ ዋከናን የገነቡ» ተብሏል፣ የውኃ ኃይል ማመንጫውን ማለት ነው፤ እንዲህ ማለት ይቻላል? ከሁሉ የከበደን ግን ጽሑፉ የሥራ ማመልከቻ መምሰሉ ነው። ለቤታቸው የኖሩት ሰው አይታዩበትም። ያለን ፎቶም ጉርድ ብቻ ነው።

መልስ፦ በኃይል ማመንጫ ሥራ የቆየ መሐንዲስ
ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሁለቱም ዓመታት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ገጠር ስለ ዘመቱ ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ወጥቷል። በዚያ ዘመን ከምረቃ በፊት ተማሪው ክፍለ ሀገር ሄዶ የሚሠራበት የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ነበር። አምስት፣ ሁለትና አንድ ስምንት ይሆናል፤ ከ1963 መግቢያ እስከ 1970 መጨረሻም ስምንት የትምህርት ዘመን ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ የትኞቹ ዓመታት ባዶ እንደሆኑ እዩና አረጋግጡ። ዘመቻው ከነዘመቱበት ቦታ በጽሑፉ ይግባ፤ አብረው የዘመቱ ጓደኞቻቸው ያንን ሳይሰሙ መሄድ የለባቸውም።

የተቋም ስም በዘመኑ ይጻፍ። የገቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የተመረቁት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። የተቀጠሩበት የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ኮርፖሬሽን ሆኗል፤ ለሁለት የተከፈለው በ2006 ነው።

«መልካ ዋከናን የገነቡ» የሚለውን አውጡት። በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ በቦታው የነበሩ ባልደረቦቻቸው ተቀምጠው ሲሰሙት ክብራቸውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ድርሻቸውን ፈልጉ። እቤት የቀረ የሥራ ሥዕል ካለ በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ያለውን ሰንጠረዥ እዩ፤ የነደፈው፣ የፈተሸው፣ ያጸደቀው በየራሱ ቦታ ይፈርማል። ፊርማቸው የትኛው ላይ ነው? ከዚያ የሹመት ደብዳቤዎችንና የሥራ ልምድ ማስረጃውን አስተያዩ። ለምሳሌ «የማከፋፈያ ጣቢያውን የመከላከያ ሪሌዎች ፈትሾ ከተረከበው ቡድን አንዱ ነበሩ» ብላችሁ፣ ለማያውቅ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ መስመሩ ሾርት ሲያደርግ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ለይቶ ብሬከሩን (ኃይሉን የሚቆርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያስከፍተው ሪሌ ነው፤ በትክክል ከተስተካከለ የቀረው ከተማ መብራቱ አይጠፋበትም።

ከፈረንጅ ቀን ስትመልሱ ወሩን ካላወቃችሁ ዓመቱን በግምት አትጻፉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8። ጳጉሜ 6 የነበረችበትን ዓመት በሚከተለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 21 ይሆናል። እንደ ፈረንጅ 1988 የሚል ወረቀት በእኛ 1980ም 1981ም ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ አርታኢ
የቤቱ ሰው የሚጠፋው ሥራው ቀድሞ ተጽፎ ቤተሰቡ መጨረሻ ላይ በአንድ አንቀጽ ስለሚለጠፍ ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ የሥራ ቦታዎቹ ከነዓመታቸው፣ በቀኝ ጋብቻው፣ የልጆች ልደት፣ የቤት ግንባታው፣ የታመመ ሰው ካለ እሱም ይግባ። ጎን ለጎን ስታዩት ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ሳይት ላይ ነበሩ? ወሬው በምን ደረሳቸው? ስንት ጊዜ ቆይተው መጡ? ይህን እናታችሁን ጠይቁ።

ልጆቹን ግን ለየብቻ አነጋግሩ፤ በአንድ ላይ ከሆነ ሁሉም የታላቁን ትዝታ ይደግማል። ማታ ስንት ሰዓት ይገቡ ነበር፣ የቤት ሥራ ማን ያስጠና ነበር፣ በእጃቸው ሠርተው የተዉት ዕቃ ምንድን ነው? «ደግ፣ ትሑት፣ አዛኝ» የሚሉትን ቃላት በእነዚህ መልሶች ተኩ።

ለንባብ ከ500 እስከ 600 ቃላት ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ሲነበብ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው። የቀረው ለመጽሔቱ ይሁን። «ተወለደ» ብሎ ጀምሮ «ተመረቁ» ማለት በብዛት የሚታይ ግድፈት ነውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንቱታ ጻፉ። የልጆች ስም ዝርዝር ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፦ በሕይወት የሌሉት፣ ከሌላ ትዳር የተወለዱት፣ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋቸው። አንድ ስም ሲዘለል ቂሙ ለዓመታት ይቆያል። ከመታተሙ በፊት እናታችሁ ይስሙት።

መልስ፦ የማተሚያ ቤት ባለሙያ
3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ከተደረገ በኅትመት 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጥራቱን ይይዛል፤ ለኤ5 ሽፋን ይበቃል። በ300 ስካን ተደርጎ ከተለጠጠ ፊታቸው ይደበዝዛል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ይጨመቃል።

ኤ4 ታጥፎ አራት ገጽ ስለሚወጣው የገጹ ብዛት 8 ወይም 12 ይሁን፤ 10 ከሆነ ሁለት ባዶ ገጽ ይተርፋል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተበላሽቶ ይከፈታል። በየትኛውም ኮምፒውተር ወደሚነበበው ዩኒኮድ ቀይራችሁ፣ ፊደሉ አብሮ የገባበት ፒዲኤፍ ላኩ። ስምና ዓመተ ምሕረት የሚታረመው ከወረቀት ናሙና ላይ ነው፤ ስክሪን ላይ ዓይን ያልፈዋል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። አርባው የሚውለው መቼ ነው? የሚነበበውስ የት ነው?

መልስ፦ የሰበካ ጉባኤ አገልጋይ
ያረፉበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጳጉሜ በመካከል ካልገባች አንድ ወርና ዘጠኝ ቀን መጨመር ነው፤ ከጥቅምት 18 ተነስቶ ኅዳር 27 ይውላል። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ወይም በዐውደ ምሕረት እንዲነበብ ደብሩን ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ። በጸሎቱ የሚጠራው የክርስትና ስማቸው ስለሆነ ለካህናቱ ጽፋችሁ ስጡ። ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ዝክሩ የጾም ይሁን።