ሪችመንድ ይጨምር ወይስ ካውንቲው ይቆጥብ? የቨርጂኒያ ወላጆች ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ርዕስ የትምህርት ቤት ገንዘብ ነው። የፌርፋክስ ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ (ካውንቲውን የሚመራው ምክር ቤት)፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ምክር ቤትና ሌሎችም የቨርጂኒያ ካውንቲዎች በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ላሉት ሕግ አውጪዎች ሲያቀርቡት የቆዩት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ስቴቱ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያወጣውን ይጨምር። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? ስድብ የለም። ፓርቲ ሳትጠሩ መከራከር ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው።

የስፕሪንግፊልዱ፦
እደግፋለሁ። ምክንያቴ ኪሴ ነው፣ አልዋሽም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከካውንቲው የምትመጣዋን ደብዳቤ ቤት ያላችሁ ታውቋታላችሁ። የቤትዎ ግምት ጨምሯል ትላለች። ቤቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ቤዝመንቱ ውሃ ያስገባል። ፌርፋክስ እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸደቀው የቤት ግብር ከየመቶ ዶላሩ 1.1225 ነው። 700,000 ዶላር ለተገመተ ቤት በዓመት 7,850 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ከሞርጌጁ ጋር አብሮ ስለሚከፈል ብዙ ሰው አያየውም። ወርሃዊ ክፍያው ሲያድግ ነው “ባንኩ ምን ነካው?” የሚለው። ባንኩን ምንም አልነካውም። ካውንቲው ከአጠቃላይ ገቢው ከግማሽ በላይ የሚያወጣው ለትምህርት ቤት ነው። ስቴቱ ያልሸፈነውን የምሸፍነው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሪችመንድ ድርሻውን ይክፈል።

ጋሽ ሹፌር፦
ልጄ፣ ስቴቱ ማነው? ሪችመንድ ያለው ገንዘብ ከሰማይ ወረደ እንዴ? ከደመወዝህ ተቆርጦ የሄደ ነው። ከግራ ኪስህ አውጥተው ቀኝ ኪስህ ውስጥ ቢከቱልህ ምን አተረፍክ? መሐል ላይ የተቀመጠው ባለሥልጣን ደመወዙን ይወስዳል፣ በቃ። ሌላም አለ። ስቴቱ ነገ ቢጨምር ካውንቲው ያንን አይቶ የኔን ግብር ይቀንሳል ብለህ ታምናለህ? ዕድሜዬን ታክሲ ነድቼ ነው ቤቴን የያዝኩት። መጠኑ በሳንቲም ቀነሰ ይሉኛል፤ ግምቱ ስለሚያድግ ሂሳቡ ከፍ ብሎ ይመጣል። የሚመጣው ገንዘብ ሁሉ የሚበላው አያጣም።

የቁጥር ሰው፦
ጋሼ፣ ካውንቲው ግብር ላይቀንስ ይችላል ያሉት ልክ ነው። የግራና የቀኝ ኪሱ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። የቤት ግብር ገቢዎን አይጠይቅም። ሥራ ቢያቆሙም፣ ቢታመሙም ያው ነው። ለሽማግሌዎች የግብር እፎይታ አለ፤ እሱም የገቢና የንብረት ጣሪያ አለው። የስቴቱ ገቢ ግብር ግን ባገኙት ልክ ነው የሚከፈለው። ኪሱ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቨርጂኒያ “የጥራት ደረጃዎች” የሚባል ቀመር አላት። ስቴቱ በዚያ ቀመር ትምህርት ቤቶች ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልጋቸው ያሰላል። ከዚያ ወጪውን በአማካይ 55 በመቶ እኔ፣ 45 በመቶ እናንተ ብሎ ያካፍላል። ሲሰሙት ደግ ነገር ነው። ተንኮሉ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። የጠቅላላ ጉባኤው፣ ማለት የሪችመንዱ ሕግ አውጪ፣ የራሱ ገምጋሚ አካል፣ ጄላርክ የሚሉት፣ በ2023 ሪፖርት አወጣ። በ2021 በጀት ዓመት ቀመሩ ያስፈልጋል ያለው 113,500 ሠራተኛ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ የቀጠሩት 171,400። በገንዘብ ደግሞ ቀመሩ 10.7 ቢሊዮን ዶላር ሲል፣ በተግባር የወጣው 17.3 ቢሊዮን ነው። ልዩነቱ 6.6 ቢሊዮን ዶላር። ይህን ጉድለት በዋናነት የተሸከሙት ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው። የ55 እና የ45ቱ ክፍፍል የሚሠራው ወረቀት ላይ ባለው ትምህርት ቤት ነው፤ ልጆቻችን የሚማሩበት ሌላ ነው።

ያው ሪፖርት የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች በአንድ ተማሪ የሚያገኙት ከ50ዎቹ ስቴቶች አማካይ በ14 በመቶ እንደሚያንስ ያሳያል። ወደ 1,900 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ትበልጠናለች፣ እሺ ይሁን። ኬንታኪና ዌስት ቨርጂኒያም ይበልጡናል! ሀብታም ነን ብለን በምንፎክርበት ስቴት።

ባለ ሬስቶራንቷ፦
ስለ ወረቀት ታወራላችሁ፣ እኔ ደረሰኝ ነው የማየው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፌርፋክስ የሬስቶራንት ምግብ ላይ 4 በመቶ ታክስ ጨምሯል። 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ነበረ፤ አሁን ድምሩ 10 ነው። አንድ ክትፎ፣ አንድ የጾም በያይነቱ፣ ሁለት አምቦ ውሃ 60 ዶላር ቢሆን 6 ዶላሩ ታክስ ነው። ደንበኛው የሚገላምጠው ሱፐርቫይዘሮቹን አይደለም፣ እኔን ነው። ቀጥሎ የሚቀንሰው ደግሞ የአስተናጋጇን ቲፕ ነው። በ2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ይሄንን ታክስ እምቢ ብሎ ነበር እኮ። በ2020 ሪችመንድ ሕጉን ቀየረ፣ በኋላም ያለ ሕዝበ ውሳኔ ቦርዱ ብቻውን አጸደቀው። ለምን ስትሏቸው “ከሪችመንድ በቂ ስለማናገኝ ገቢያችን በቤት ግብር ላይ ብቻ ተንጠለጠለ” ይላሉ። እንግዲህ ሪችመንድ ይክፈልና እኔን ይተዉኝ። የኔ ድጋፍ ይኸው ነው።

ጋሽ ሹፌር፦
እህቴ፣ ሪችመንድ ቢከፍልም ያ 4 በመቶ አይነሳም። አንዴ የገባ ታክስ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ባለ ሬስቶራንቷ፦
ጋሼ፣ አዎ። የስቴቱ የአስቤዛ ታክስ በ2023 መጀመሪያ ላይ ተነስቷል። የቀረው የአካባቢው 1 በመቶ ብቻ ነው። ጤፍ ስለምገዛ አውቃለሁ።

ጋሽ ሹፌር፦
እሱንስ እውነትሽን ነው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ አሜሪካ በቅርብ ነው የመጣሁት። ሎተሪው ለትምህርት ቤት ነው ይባላል፤ ማሽኑ ላይም ተጽፏል። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ይገባል?

የቁጥር ሰው፦
ትርፉ ለሕዝብ ትምህርት ቤት ነው የሚውለው፣ ሕገ መንግሥቱ ውስጥም ገብቷል። ግን ከጠቅላላው ወጪ ትንሿ ቁራጭ ነች። ሰው ሁሉ ሎተሪውን ስለሚያየው ትምህርት ቤት በሎተሪ የሚኖር ይመስለዋል።

መምህርቷ፦
አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች አስተምራለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ጥናቱን እስክትጨርሱ ነው።

ባለፈው የበልግ መግቢያ አንድ ልጅ ከወንዶ ገነት አካባቢ መጣ። ስምንተኛ ክፍል ነው። ሒሳብ ጎበዝ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን እኩልታ ቀድሞ ይጨርሳል። ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን እርሳሱን ያስቀምጣል። ከጎኑ ቁጭ ብዬ አንዷን ጥያቄ ሳስነብበው፣ ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን አውጥተው ይጠብቁኛል። ከእነሱ መሐል ከሆንዱራስ ትናንት የመጣም አለ፣ ከአፍጋኒስታን መጥቶ በቋንቋው እንኳ ማንበብ ያልተማረም አለ። በከተማችን ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ እንግሊዝኛ ተማሪ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ ለመመገብ የሚያበቃ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ናቸው።

አሁን ስሙኝ። ስቴቱ የአንድን አካባቢ አቅም የሚለካበት ኢንዴክስ አለ። ግማሹ የሚሰላው ከንብረት ዋጋ ነው፣ 40 በመቶው ከነዋሪው ገቢ፣ 10 በመቶው ከሽያጭ። በዚህ ስሌት አሌክሳንድሪያ 0.8 ላይ ነች። ከዚያ በላይ አይኬድም፣ ጣሪያው ነው። ቀመሩ ከሚለው ወጪ 80 በመቶውን ከተማው ይክፈል ማለት ነው። ለምን? ኦልድ ታውን በሚባለው የከተማው የድሮ ሰፈር ውስጥ ያለው ቤት ሚሊዮኖች ስለሚያወጣ። የኔ ተማሪ የሚኖረው ግን ሁለት ቤተሰብ በተጋራው አፓርትመንት ውስጥ ነው። በሪችመንድ ስሌት እሱ ሀብታም ነው።

የስፕሪንግፊልዱ፦
በትክክል! ፌርፋክስም ወደ 0.65 ነው። ሊ ካውንቲ 0.2 እንኳ አይሞላም። እኛ ከፍለን እነሱ ይማራሉ። ኢንዴክሱ ነው መቀየር ያለበት።

የቁጥር ሰው፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተለያየን። ሊ ካውንቲ ከቴነሲና ከኬንታኪ ድንበር ላይ ያለ የድሮ የከሰል አገር ነው። ከ700,000 ዶላር ቤት ላይ አንድ ሳንቲም ጨምረህ የምታገኘውን፣ እዚያ ከ100,000 ዶላር ቤት ላይ ልታገኘው አትችልም። ኢንዴክሱ ጉድለት አለው፤ መምህርቷ ያሳየችን ጉድለት እውነት ነው። ግን “ከሊ ቀንሰህ ለፌርፋክስ ስጥ” ብለህ ሪችመንድ ብትሄድ፣ የገጠሩ ተወካዮች በሩ ላይ ነው የሚመልሱህ። ደግሞም ልክ ናቸው።

የሎደኗ፦
የፌርፋክስ ሰዎች ስታለቅሱ ደስ ይላል 😀 እኛ ሎደን ካውንቲ ዳታ ሴንተሮቹ (የኩባንያ ኮምፒውተሮች የታጨቁባቸው ሕንፃዎች) ስለሚከፍሉ የቤት ግብራችን ከእናንተ በጣም ያነሰ ነው። የማሽኑን ጉርምርምታና የመብራት መስመሩን ግን ማንም አይቆጥረውም። እኔ ግን ለክርክሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኩባንያ መሬቱ ላይ የሠፈረለት ካውንቲ ልጅ ተንደላቆ ይማር፣ ያልሠፈረለት ይቅርበት የሚለው ነገር አይገባኝም። ለዚህ ነው ስቴት የሚባል ነገር ያለው።

ጋሽ ሹፌር፦
ሁላችሁም ገንዘብ እንዴት እንደሚገባ ነው የምታወሩት። እንዴት እንደሚወጣስ? ልጆቼ ሲማሩ ስለ ልጄ ለመጠየቅ አስተማሪዋን ነበር የማገኘው። አሁን የልጅ ልጄን ጉዳይ ለመጠየቅ ስደውል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ያስተላልፉኛል። አንዱ አስተባባሪ ነው፣ አንዱ የአስተባባሪው አስተባባሪ ነው። ያ 171,400 ሠራተኛ ሁሉ ክፍል ውስጥ ነው? ቀመሩ ትንሽ ነው ከማለታችሁ በፊት ቅጥሩ በዝቶ እንደሆነ ለምን አትጠይቁም?

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ስብሰባ የሚበዛብኝ ሰው ነኝ። ግን የቢሮ ሰው ሁሉ አስተባባሪ አይደለም። እርስዎ የደወሉበት ስልክ ላይ አማርኛ የሚናገር ሰው ቢኖር፣ እሱም በዚያው ቢሮ ሠራተኛ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። የኛ ከተማ ለወላጅ የሚልከውን በአማርኛ የሚያስተረጉመው በባዶ እጁ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛውም፣ ቦይለሩን የሚጠግነውም የማያስተምር ተብሎ ነው የሚመዘገበው።

የቁጥር ሰው፦
እሷ ያለችው ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። በ2009 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ሪችመንድ ለእነዚህ የማያስተምሩ ሠራተኞች የሚከፍለው ላይ ገደብ አስቀመጠ። ስንት ያስፈልጋል ብሎ ቆጥሮ አልነበረም፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ነው። ኢኮኖሚው ተነሳ፣ ገደቡ ግን ቀረ። በ2025 በከፊል አላሉት። ጋሼ፣ ቅጥሩ በዝቶ ከሆነ ይመርመር፣ እኔም እፈርማለሁ። ሆኖም የጽዳት ሠራተኛውን ቁጥር በ2009 ችግር መለካት ምርመራ አይደለም።

ስለዚህ “ጨምሩ” ብቻ ማለት ምንም አይሠራም። “ይሄን ገደብ ሙሉ በሙሉ አንሱ” ማለት ይሠራል። በዚህ ላይ ፌርፋክስም ሊም አንድ ጎን ናቸው፤ ገደቡ ሁለቱንም ነው የጎዳው። ሁለተኛው ለድሃ ተማሪዎች የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ነው። እሱም በዚያው ኢንዴክስ ስለሚያልፍ፣ የአሌክሳንድሪያው ልጅ ከስቴቱ የሚደርሰው ከተሰላለት አምስት አንዱ ነው። ኢንዴክሱን ለጠቅላላው ወጪ እንዳለ ይተዉት፤ ለዚህኛው ግን ያንሱት። ይህ የኔ ሐሳብ ነው፣ ካውንቲው በዚህ መልክ ሲጠይቅ አላየሁም።

የስፕሪንግፊልዱ፦
እና የኔ ግብር?

የቁጥር ሰው፦
ያንተ ግብር በዚህ ዓመት አይወርድም። የሚጨምርበት ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልህ ሰው ካለ ምርጫ ሊወዳደር ነው።

ጋሽ ሹፌር፦
ቢያንስ አንተ አትዋሽም። እኔ አሁንም ተቃዋሚ ነኝ። ግን አንድ ነገር ብታስገቡ እፈርማለሁ፦ ከስቴቱ የሚመጣው ጭማሪ የት እንደዋለ በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ ይታተም፤ በአማርኛም። አለበለዚያ አይሆንም። ሚያዝያ ላይ ካውንቲው የበጀት ስብሰባ ሲጠራ ሄጄ እናገራለሁ።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ ሚያዝያ ላይ እኮ የሪችመንዱ መደበኛ ጉባኤ ተበትኗል። ጥር ላይ ነው የሚጀምሩት። ስለ ገደቡ ለመናገር ለተወካይዎ በክረምቱ ነው መጻፍ ያለብዎት። ሚያዝያ ላይ የሚነገረው ስለ ካውንቲው ግብርና ስለ ወጪው ነው። እዚያም ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጥዎ፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ አስቀድመው ያሳውቁ።

ጋሽ ሹፌር፦
ሦስት ደቂቃ? ሰላምታዬ ራሱ ሦስት ደቂቃ ነው። በይ ለተወካዩ የሚላከውን አንቺ ጻፊው፣ እኔ ያልኩትን ሳትቀንሺ።