የተማሪዎች ፕሮጀክት፦ የአሮጌ ሚረር ጀልባ ፋይበርግላስ እየተላጠ ነው፤ ከየት እንጀምር?

መምህር_ቅዳሜ

ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ነን። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው 12 ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያድሷት በፈረንጅ 1970ዎቹ የተሠራች ሚረር የሸራ ጀልባ አለች፤ ኮምፔርሳቶ ናት። ጎኗና ወለሏ የሚገጣጠሙበት ላይ ያለው የፋይበርግላስ ጥብጣብ በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የፊተኛው የአየር ሳጥን (እንዳትሰምጥ አየር የሚይዘው ዝግ ክፍል) ስናነቃንቃት ውስጡ ውሃ ይንቦጫቦጫል። በጀታችን ትንሽ ነው። ለማጣበቂያ ፖሊስተር ሙጫ ይበቃናል ወይስ ኢፖክሲ ሙጫ እንግዛ?

መሮና_መላጊያ

ከሙጫው በፊት ሚዛን። የሚረር ባዶ ቀፎ 45.5 ኪሎ ግድም ነው። ሁለት የሰው ሚዛን አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ሥሯ አድርጋችሁ ደምሩት። 60 ከመጣ ትርፉ ወይ ውሃ ነው ወይ ዓመት በዓመት የተደራረበ ቀለም። የሳጥኖቹን መክደኛ ክፈቱ፤ ባሕር ላይ የዋለች ከሆነች ውስጧን በንጹህ ውሃ እጠቡ፤ እንጨት ውስጥ የቀረ ጨው እርጥበት እየሳበ አያደርቃትም። ከዚያ ቬንትሌተር አድርጉባትና በየቅዳሜው መዝኗት። መቅለሏን ስታቆም ደርቃለች ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከ12 በመቶ በታች ይሁን።

በዚህ መሀል በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋችሁ ፈልጉ፦ የሳጥኖቹ ወለል፣ የዳገርቦርዱ (ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት በመሀሏ ወደ ውሃ የሚወርደው ሰሌዳ) ማስገቢያ ዙሪያ፣ የኋላው ጣውላ የታች ጥግ። ገባ ካለ በስብሷል፤ ደህናው እስኪገኝ ቁረጡት። ጣውላው 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የመጋጠሚያው ስላሽ (ሁለቱ ጣውላዎች ተዳፍተው ተቆርጠው የሚደራረቡበት ርዝመት) የውፍረቱ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 40 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካጠረ ጀልባዋ ስትታጠፍ መጋጠሚያው ይከፈታል።

ወደ ጥያቄው፦ ኢፖክሲ ግዙ። ሚረር በ1963 ስትወጣ ጣውላዎቿ በመዳብ ሽቦ ተሰፍተው በጥብጣብና በፖሊስተር የሚጣበቁ ነበሩ፤ ፖሊስተር ደግሞ እንጨት ላይ፣ በተለይ እርጥበት ካገኘው፣ አጥብቆ አይዝም። አሁን እየተላጠባችሁ ያለው እሱው ነው። ኢፖክሲ በአሮጌ ፖሊስተር ላይ ይይዛል፤ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ ግን አስተማማኝ አይደለም። የሚያስፈልጋችሁም ለስፌቱ ብቻ ስለሆነ ወጪው ያን ያህል አይከብድም።

አሮጌውን ጥብጣብ በሞቃት አየር መንፊያ እያለሰለሳችሁ በመፋቂያ አንሱት። ቀለሙን አስቀድማችሁ በሊድ (አሮጌ ቀለም ውስጥ የሚገኝ መርዛማ ብረት) መመርመሪያ ሞክሩት፤ ሊድ ካለበት ልጆች አያሙቁት፣ በደረቁም አይፈግፍጉት። የመዳብ ሽቦውን አትንቀሉ፤ ጥብጣቡ ሲነሳ ጀልባዋን የያዛት እሱ ብቻ ነው። አንዱን ስፌት ሳትጨርሱ ሌላውን አትክፈቱ፤ ከተጣመመች እንደተጣመመች ትደርቃለች።

ከዚያ እንጨቱን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና ኢፖክሲ ቀቡት። ማወፈሪያ ዱቄት የገባበት፣ ማንኪያው ሲገለበጥ የማይወርድ ሙጫ ማዕዘኑ ላይ በማንኪያ ጀርባ አስተካክላችሁ ሙሉ። ሳይደርቅ 50 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ደርቡበት።

ሸራ_ነኝ

12 ልጅ 3.3 ሜትር ጀልባ ዙሪያ አይቆምም። አራት ቀፎው ላይ፣ አራት ምሰሶውና አግዳሚዎቹ ላይ፣ ሁለት መሪውና ዳገርቦርዱ ላይ፣ ሁለት ሸራውን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና። ማሽን ውስጥ እንዳይከቱት፤ ሸራው ግትርነቱን ካጣ ቅርጽ አይዝም። በየሁለት ሳምንቱ አቀያይሯቸው፤ አለዚያ ፍግፈጋ የደረሰው ይጠፋባችኋል።

መምህር_ቅዳሜ

እናመሰግናለን። ቅዳሜ ጀምረን ቅዳሜውኑ እንድንጨርስ ሃርድነሩን (ከኢፖክሲው ጋር ተዋህዶ የሚያጠነክረውን) ከፍ ብናደርገውስ?

መሮና_መላጊያ

በፍጹም! ሃርድነር እንደ እርሾ አይደለም፤ ሲበዛ አያፈጥንም፣ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ይቀራል እንጂ። ጣሳው 5 ለ 1 (አምስት እጅ ሙጫ ለአንድ እጅ ሃርድነር) በይዘት ካለ በይዘት፣ በክብደት ካለ በክብደት ለኩ። ፈጣን ከፈለጋችሁ ፈጣን ሃርድነር ይሸጣል፤ ለጀማሪ ግን ዝግተኛው ይሻላል። በአንዴ ከ200 ግራም በላይ አታዋህዱ፤ ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ ሲቆይ ራሱን ያግላል፣ ይጨሳል። ሰፊ ሳህን ላይ ቶሎ አፍስሱት። ናይትራይል ጓንት ግዴታ ነው፤ አለርጂው አንዴ ከጀመረ አይለቅም።

በነጋታው ፊቱ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡ፣ ከዚያ ፈግፍጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀለሙ ይላጣል። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፤ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይለብስ።

የጣና_ልጅ

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የአየር ሳጥኖቹን ፈትሹ። በውሃ ማውጫው ቀዳዳ ቱቦ አስገብታችሁ በአፍ ንፉ፤ ስፌቱን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ የወጣበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ኮምፕረሰር አታስጠጉ። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚያህል ግፊት እንኳ ግማሽ ካሬ ሜትር ጣውላ ላይ 50 ኪሎ ጭነት ነው፤ ትናንት የጣበቀው ስፌት ያንን ላይችል ይችላል። ስታስቀምጧት ደግሞ የሳጥኖቹ መክደኛ ክፍት ይሁን።