የግል የእንሰትና የቡና ጓሮ ስንጎበኝ ምን እንጠንቀቅ?

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ አባወራ ጓሮ ቅዳሜ ለጎብኚ ክፍት ነው። ልጆችን ጨምሮ 24 ነን። በስንት ሰዓት እንግባ? ጓሮውን እንዳንጎዳስ?

መልስ 1፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቡ፣ ሳይሞቅ። ደግሞ 24 ሰው በአንዴ አይሆንም፤ ስምንት ስምንት ሆናችሁ ተራ ያዙ። በእንሰቱ መሃል ያለችው መንገድ አንድ ሰው ብታሳልፍ ነው። ከመንገድ የወጣ ሰው የሚረግጠው የቡናውን ሥር ነው፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሚበዙት ላይኛው አፈር ውስጥ ነው። እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቅና አየርም ውሃም አያስገባም።

መልስ 2፦ ከእግር ይልቅ ቢላዋ ያስፈራል! የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ መነሻው ባክቴሪያ ነው፤ በቁስል ይገባል፣ ከተክል ተክል የሚያዛምተውም በአብዛኛው የተበከለ ስለት ነው። መድኃኒት የለውም፣ የታመመው ተነቅሎ ይወገዳል። መሃለኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ከጠወለገ፣ ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ካወጣ እሱ ነው። ስለዚህ ማንም ቅጠል አይቁረጥ። ባለቤቱ ለማሳየት ከቆረጡ፣ ወደ ሌላው ተክል ከመሄዳቸው በፊት ስለቱ በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይጽዳ።

ጥያቄ፦ እናመሰግናለን። የቡና ለቀማስ እናያለን?

መልስ 3፦ በሲዳማ ቀይ ፍሬ በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ አትጠብቁ። ልጆቹን ግን በቅጠል ከተሸፈነው የቆጮ ጉድጓድ አርቁ። ሽፋኑ ተቀዶ አየር ከገባ ቆጮው ይበላሻል።