«ማይጨው ሄዶ የሚታይ ነገር የለም» ለሚሉ

ሰንበቴ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን «ማይጨው ሄዶ የሚታይ ነገር የለም፤ የጦር ሜዳ ጉብኝት ለፈረንጅ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱን ሲያንገበግበኝ አደረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ጣሊያንን የተዋጉበት ሜዳ ነው! ከዚያ ያፈገፈገው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ቦምብና የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደበት። ዛሬ ተሳፋሪው ሐይቁን በመስኮት አይቶ «ሲያምር!» ብሎ ያልፋል። ይህ አያሳፍርም?

የቆላው ሰው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ኤርትራ፣ ከረን ሄጄ የእንግሊዞችን የጦር መቃብር አይቻለሁ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ሲወጋ የወደቀው ወታደር ስሙ፣ ማዕረጉና የሞተበት ቀን በድንጋይ ተቀርጿል። የመኮንኑም የተራ ወታደሩም ድንጋይ እኩል ነው። በእምነታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው ለተቃጠለ ሕንዶች ለብቻው መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ማይጨው ላይ ያለቀው የክቡር ዘበኛ ወታደር ስሙ በየትኛው ድንጋይ ላይ አለ? ምን ላነብ ልሂድ?

መምህር፦ ጦር ሜዳ የሚነበበው በድንጋይ ላይ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? እኔ ታሪክ አስተምራለሁ። የአምባላጌን ተራራ በእግሩ የወጣ ተማሪ፣ ኅዳር 1888 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ጣሊያናዊውን ሻለቃ ቶዜሊን ከዚያ ምሽግ እንዴት እንደደመሰሰው ሳልነግረው ጉልበቱ ይነግረዋል። ግንቦት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን ለእንግሊዞች እጁን የሰጠውም እዚያው አምባ ላይ ነው። ይህን ሁሉ «የሚታይ ነገር የለም» ትላለህ?

የቆላው ሰው፦ ስለ ማይጨው ጠየቅሁ፤ አምባላጌ ወሰዱኝ።

ሰንበቴ፦ መንገዱ አንድ ነው፤ ማይጨውን አልፈህ ነው አምባላጌ የምትደርሰው።

የራያ ልጅ፦ ሁላችሁም ስለ አያቶቻችን ትከራከራላችሁ። በዚህ አገር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ልጇ የት እንደወደቀ የማታውቅ እናት አለች። ወጣቶች መጥተው ገደሉ ጫፍ ላይ እየሳቁ ፎቶግራፍ ሲነሱ፣ ከሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታልፍ ሴት አይቻለሁ። ማንም ቀና ብሎ ጤና ይስጥልኝ አላላትም።

ሰንበቴ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን ሰው አይምጣ ነው የምትለው?

የራያ ልጅ፦ አላልኩም። ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ይግባ ነው የምለው። መጀመሪያ የአገሩን ሽማግሌ ያነጋግር።

መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። የሽማግሌዎቹን ቃል የሚጽፍ ተማሪ ይዤ ብመጣስ?

የቆላው ሰው፦ ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ስም ይሰብሰብ፣ ይቀረጽ፣ ጉብኝቱ ከዚያ ይቀጥል።

ሰንበቴ፦ ማንም ካልሄደ ስሙን ማን ይሰበስበዋል? አስጎብኚው እንጀራ ካላገኘበት ማን ቦታውን ይጠብቃል?

የራያ ልጅ፦ ስለ አስጎብኚ ክፍያ ከሆነ እኔ የለሁበትም።

ሰንበቴ፦ ክፍያው ነውር ሆነ እንዴ? የአገርህ ወጣት አይደለም የሚሠራበት?