ለሚጎተት ቤት የትኛው ጎማ ይሻላል፦ የተሳቢ ጎማ ወይስ የቀላል ጭነት መኪና ጎማ? (ክርክር)

ጠያቂው፦
ከሰው እጅ የገዛሁት፣ ባለ ሁለት አክስል፣ በመኪና የሚጎተት ቤት አለኝ። ጎማዎቹ ኤስቲ 225/75 አር 15፣ የጭነት ደረጃ ሲ ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ኤስቲ ለተሳቢ ብቻ የሚሠራ ጎማ ነው፤ ኤልቲ ደግሞ የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ነው፤ የጭነት ደረጃው ፊደል ከሲ ወደ ዲና ኢ ሲያልፍ ጎማው የሚቀበለው አየር ይበዛል። ባለፈው ጉዟችን የቀኝ የፊቱ ጎማ ፈነዳ። ጥርሱ አላለቀም ነበር፤ እንደ አዲስ ነበር። የተገነጠለው ላስቲክ ፓራፋንጎውን ገነጠለ፣ ከወለሉ ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በጣጠሰ፣ የጋዝ ቧንቧው ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ልጆቼ ከፊት መኪናው ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው አማከርኩ። አንዱ «ደረጃ ኢ የሆነ ኤስቲ ግጠምና እፎይ በል» አለኝ። ሌላው «ኤስቲ የሚባለውን ጎማ እርሳው፤ ቸርኬህን ከ15 ወደ 16 ኢንች ቀይረህ ኤልቲ ግጠም» አለኝ። ሁለቱም በሙሉ ልብ ነው የተናገሩት። አራት ጎማና አንድ ስኮርታ ከመግዛቴ በፊት የእናንተን ክርክር መስማት እፈልጋለሁ። አንድ ሌላ ጥያቄም አለኝ፤ ይህ ጉዳይ ለባለቤቱ ፈቃድ የሚተው ነው ወይስ ሕግ ሊወስነው ይገባል?

የረጅም መንገድ ሰው፦
እንኳን ልጆችህ ተረፉልህ። እኔ ኤስቲ መግዛት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ አልመለስበትም። በአሜሪካ የኤልቲ ጎማ የሚፈተነው ኤፍኤምቪኤስኤስ 139 በተባለው ደንብ ነው። ጎማው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየተሽከረከረ 34 ሰዓት ጭነት ይሸከማል፤ ከዚያም የከፍተኛ ፍጥነት ፈተና፣ አየሩ ተቀንሶም ሌላ ፈተና አለበት። ኤስቲ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ተደርጎ በቀድሞው በ119 ሥር ቀርቷል። ሰው የሚያድርበትን ቤት የሚሸከም ጎማ በላላ ፈተና እንዲያልፍ መደረጉን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም።

ቁጥሩንም ተመልከቱ። ኤስቲ 225/75 አር 15 ደረጃ ኢ በ80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) 1285 ኪሎ ግራም ይሸከማል ተብሎ ተጽፎበታል። ኤልቲ 225/75 አር 16 ደረጃ ኢ በመጠኑ ይበልጣል፤ በዚያው 80 ፒኤስአይ ግን የተጻፈበት 1215 ብቻ ነው። ትልቁ ከትንሹ ያነሰ የሚሸከመው ደካማ ሆኖ ነውን? አይደለም። የኤስቲው ጭነት የተሰላው ተሳቢው በሰዓት ከ65 ማይል፣ ማለትም ከ104 ኪሎ ሜትር ገደማ አያልፍም ተብሎ ነው። ትርፉ ኪሎ የተገኘው ከፍጥነት ላይ ተቀንሶ ነው፤ ከጎማው ጥንካሬ አልመጣም።

ጎሚስታው፦
ወንድሜ፣ ስለ ፈተናው የተናገርከው እውነት ነው። ስለ መንገዱ ግን ግማሹን ትተኸዋል። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ ወርደህ ጎማዎቹን እያቸው። አክስሎቹ አይዞሩም፤ የፊቱ ጎማ ወደ አንድ ጎን፣ የኋላው ወደ ሌላው ጎን እየተፋቀ ይጎተታል። የጎማው ጎን ተጠማዝዞ ከቸርኬው ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። የኤስቲ ጎማ ጎኑ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ቤቱ ወዲያና ወዲህ እንዳይወዛወዝም ይረዳል። ለስላሳ ጎን ያለው ጎማ ከረጅም ሣጥን ሥር ሆኖ ነፋስ ሲመታው ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው አይረሳውም።

ደግሞ ያ የ104 ኪሎ ሜትር ነገር የቆየ ነው። ዛሬ ብዙ የኤስቲ ጎማዎች የፍጥነት ፊደል ታትሞባቸው ይመጣሉ፤ ኤል 120፣ ኤም 130፣ ኤን 140 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ፊደል የሌለው ከሆነ ግን የቀድሞው ገደብ ይያዝ።

ወደ 16 መቀየርም በቃል እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ጎማው በቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ክፍተት በዚያው ልክ ይጠባል። ከላይም ባሌስትራው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ጎማው ወለሉን እንዳይነካ ቦታ ያስፈልጋል። ሳይለኩ ገጥመው በመጀመሪያው ጉድጓድ ጎማው ወለሉን ሲልጥ ያመጡልኝን ሰዎች ተቀብያለሁ።

መሐንዲሷ፦
ሁለታችሁም ስለ ፊደል ነው የምትከራከሩት። ጠያቂው ግን ቤቱ ስንት እንደሚመዝን ገና አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ክብደቱ ሳይታወቅ የጎማ ምክር መስጠት ሕመሙን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

አጠቃላይ ክብደት ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይመዘን። ጎማ የሚፈነዳው ብቻውን ነው፤ ወንድሞቹ ቀለል ያለ ጭነት መያዛቸው አያድነውም። ውኃው ተሞልቶ፣ ጋዙ ተሞልቶ፣ ዕቃው ሁሉ እንደ ጉዞ ቀን ተጭኖ ይመዘን።

ስለ ደረጃ ኢም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ በየቦታው የሚሰማ ስሕተት ነውና። በኤስቲ 225/75 አር 15 የጭነት ሠንጠረዥ 50 ፒኤስአይ 975 ኪሎ ግራም፣ 65 ፒኤስአይ 1150፣ 80 ፒኤስአይ 1285 ይሸከማል። እነዚህ ቁጥሮች የአየሩ ናቸው። ደረጃ ኢ ገዝቶ እንደ ቀድሞው 50 የሚሞላ ሰው የሚሸከምለት 975 ነው፤ ልክ እንደ ደረጃ ሲው። ፊደሉ የሚናገረው ጎማው ምን ያህል አየር ለመቀበል እንደተሠራ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው።

አዲስ ገዢ፦
ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። የእኔ ትንሽ፣ ባለ አንድ አክስል ናት። ከቤት መኪናዬ የተረፉ ደኅና ጎማዎች አሉኝ፤ ልኩ ይገጥማል። ብገጥማቸው ምን ችግር አለ?

ጎሚስታው፦
ልጄ፣ የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ሲገጠም የተጻፈበት ጭነት ለ1.10 ተካፍሎ ነው የሚቆጠረው፤ የአሜሪካው ደንብ እንዲህ ይላል። 700 ኪሎ ግራም የተጻፈበት ጎማ ለአንተ 636 ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ካለህ ተወው። ባይኖርህም እኔ አልገጥምልህም፤ የቤት መኪና ጎማ ጎኑ ስስ ነው፣ «የተረፈ» ያልከው ጎማ ዕድሜም ያሳስበኛል።

ጠያቂው፦
መሐንዲሷ እንዳሉት አስመዘንኩ። በኪሎ ግራም፦ የግራ ፊት 840፣ የግራ ኋላ 910፣ የቀኝ ፊት 1010፣ የቀኝ ኋላ 980። ሲደመር 3740 ነው። የአራቱ ጎማዎች አቅም ተደምሮ 3900 ስለሆነ እስከዚያች ቀን ድረስ ከገደቡ በታች ነኝ ብዬ እተማመን ነበር። የአክስሎቹም ልክ እያንዳንዳቸው 1905 ነው፤ አላለፍኩም። የቀኝ ጎኑ ሁለት ጎማዎች ግን ሁለቱም ከ975 በላይ ናቸው። ወጥ ቤቱ፣ ማቀዝቀዣውና የውኃ ማጠራቀሚያው በቀኝ በኩል ነው ያሉት። የፈነዳው የቀኝ ፊቱ ነው።

መሐንዲሷ፦
እንግዲህ ተገኘ። ድምሩ አታልሎዎታል።

አሁን ከባዱን 1010ን ይዘን እንቁጠር። በደረጃ ዲ (65 ፒኤስአይ)፣ 1150 ላይ፣ 12 በመቶ ትርፍ ይቀርዎታል። በደረጃ ኢ፣ 1285 ላይ፣ 21 በመቶ። በኤልቲ 16 ደግሞ፣ 1215 ላይ፣ 17 በመቶ ገደማ። እኔ ለሁለት አክስል ከ20 በመቶ በታች አልመክርም። ጎሚስታው የገለጹት መፋቅ ከውጭ የሚታየውን ጎን ብቻ ሳይሆን በውስጥ ያሉትን የብረት ቀበቶዎች እርስ በርሳቸው እንዲላቀቁ ይጎትታቸዋል። በየመታጠፊያው ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል። ከዚያም አንድ ቀን በቀጥታ መንገድ ላይ፣ ምንም ባልነካው ሰዓት፣ የላዩ ላስቲክ ተገንጥሎ ይወጣል። ባለቤቱም «ያለ ምክንያት ፈነዳ» ይላል።

የረጅም መንገድ ሰው፦
17 በመቶ በጠንካራ ፈተና ያለፈ ጎማ ላይ፣ 21 በመቶ በላላ ፈተና ያለፈ ጎማ ላይ። እኔ አሁንም የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የእርስዎን ስሌት ግን አልነቅፍም፤ ሳይመዝን የሚገዛ ሰው ኤልቲም አያድነውም።

ሕግ ይውጣ ባዩ፦
ጠያቂው ሆይ፣ የፈነዳው ጎማ መቼ ተሠራ? ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ያንብቡልን።

ጠያቂው፦
3116።

ሕግ ይውጣ ባዩ፦
ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2016 ሠላሳ አንደኛ ሳምንት ነው። ያ ጎማ በዕድሜው ብቻ መውለቅ የነበረበት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ከማለቁ በፊት ላስቲኩ ያረጃል፤ አብዛኛውን ዓመት ቆሞ፣ ፀሐይ እየመታው፣ በአንድ በኩል ተጭኖ ነው የሚኖረው። ጥርሱን ዓይቶ «ገና አዲስ ነው» የሚል ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ አዎ ነው፤ ሕግ ይወስን። በጀርመን የሚጎተት ቤት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ጎማው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ፣ የፍጥነት ፊደሉም ቢያንስ ኤል እንዲሆን ይጠየቃል። የአሜሪካ ተሳቢ ቤት አምራቾች ማኅበርም ከመስከረም 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ አባሎቹ የሚገጥሙት ጎማ ከአክስሉ ልክ በ10 በመቶ እንዲበልጥ ደንግጓል። የእርስዎ አክስል በዚህ ቢለካ እያንዳንዱ ጎማ 1048 ያህል መሸከም ነበረበት፤ 975 የሚሸከም ጎማ አያልፍም። ደንብ ሲኖር አዲስ ገዢ የማያውቀውን እንዲያውቅ አይገደድም፤ ዕቃው ራሱ በቂ ሆኖ ይመጣለታል።

የረጅም መንገድ ሰው፦
በአምራቹ ላይ የሚወጣውን ደንብ እደግፋለሁ፤ እንዲያውም 10 በመቶው ያንሳል። የዕድሜ ሕግን ግን እቃወማለሁ። በዓመቱ ልክ የሚኖር ሰው ይፈጠራል። አየር አጉድሎ፣ ከመጠን በላይ ጭኖ ሲጎትት የኖረ ጎማ በሦስት ዓመቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። «ሕጉ ስድስት ይላል» ብሎ ሦስት ዓመት ይጨምርበታል።

ሕግ ይውጣ ባዩ፦
ሕጉ ከፍተኛውን ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዚያ በፊት መቀየርን ማን ከለከለ? የ2016 ጎማ ይዞ ቤተሰብ የሚያጓጉዝ ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ማንም ስላልነገረው ነው። ጠያቂው ከሰው እጅ ሲገዛ አንድ ወረቀት የጎማውን ዕድሜ ቢነግረው ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ጎሚስታው፦
በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን ጠያቂው ነገ ሊገዛ ነው፤ ሕጉን ቆሞ አይጠብቅም። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ ቸርኬው ራሱ ልክ አለው፤ ከኋላው በኩል ታትሞ ይገኛል። ጎማው 1285 ሲሸከም ቸርኬው 1150 ብቻ ከሆነ፣ አቅምዎ 1150 ነው። ለ80 ፒኤስአይ የተሠራ መሆኑም ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ቫልቩ። በግፊት የሚገባው ተራ የላስቲክ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ እስከ 65 ፒኤስአይ ነው። ደረጃ ኢ ገጥሞ የቀድሞውን ቫልቭ የሚተው ሠራተኛ ካለ ቁሙና አስቀይሩት፤ የብረቱ ቫልቭ ይግባ። አዲስ ጎማ በአሮጌ ቫልቭ አየሩ ቀስ እያለ ወጥቶ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ጥፋቱ በጎማው ላይ ይላከካል።

መሐንዲሷ፦
አየሩም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከጉዞ በፊት ይሞላ። የአየሩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ ቆማችሁ «በዝቷል» ብላችሁ አታስተንፍሱት፤ ጎማው ያንን ጭማሪ ታስቦበት ነው የተሠራው። ያስተነፈሰ ሰው በማግስቱ ጠዋት ያነሰ አየር ይዞ ይነሣል፤ ያነሰ አየር ማለት ደግሞ ያነሰ ኪሎ ነው።

ጠያቂው፦
ቸርኬዎቹን አውልቄ አጸዳሁ። አራቱም 1285 ኪሎ ግራምና 80 ፒኤስአይ ይላሉ። ስኮርታው ግን ሌላ ቸርኬ ነው፤ 975 ይላል፤ ከሌሎቹ ጋር እንዲተካ አዝዣለሁ። ክፍተቱንም ለካሁ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤልቲ 16 ብገጥም 35 ይቀራል። ባሌስትራው ሲጨመቅ ከላይ የሚተርፈው ደግሞ አላስደሰተኝም። ስለዚህ ኤስቲ ደረጃ ኢ፣ የፍጥነት ፊደሉ ኤም የሆነ፣ የቅርብ ሳምንት ቁጥር ያለው፣ ከብረት ቫልቭ ጋር አዝዣለሁ።

የረጅም መንገድ ሰው ወንድሜ፣ ስለ ፈተናው ያልከውን አልጣልኩትም። ከ100 በላይ አልነዳም፤ ፍጥነቱን ዝቅ በማድረግ የተገኘውን ኪሎ በዚያው መንገድ እከፍላለሁ። ዕቃውንም ከቀኝ ወደ ግራ አዛውሬ እንደገና አስመዝናለሁ። ማቀዝቀዣውን ማንቀሳቀስ አልችልም፤ የመሣሪያ ሣጥኑና የስኮርታው ቦታ ግን ይቀየራል።

የረጅም መንገድ ሰው፦
60 ብቻ ከሆነ ልክ ወስነሃል። ስታስመዝን የቀኝ ፊቱን ቁጥር ንገረን። ከ1000 በታች ካልወረደ የውኃውን ማጠራቀሚያ ግማሽ ብቻ ሞልተህ ተጓዝ።