የሚቆረጠው ወዴት ይሄዳል? ግብር፣ ድጎማ እና የገቢ ልዩነት በሰው አገር

ጠያቂ፣ ከዴንማርክ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ አገር ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የደመወዝ ወረቀቴን ባየሁ ቁጥር ግን ዛሬም እንደ መጀመሪያው ወር እበሳጫለሁ። ገና ከመነሻው 8 በመቶ "የሥራ ገበያ መዋጮ" ተብሎ ይነሳል። በተረፈው ላይ የማዘጋጃ ቤቱና የማዕከላዊ መንግሥቱ ግብር ይከተላል። የቀረውን ይዤ ገበያ ስወጣ 25 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ወተት ብገዛም ቴሌቪዥን ብገዛም ያው ነው። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ይስቅብኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ "በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ርቀት እንዲጠብ ነው" ይሉኛል። እውነት ይጠባል? ወይስ ከአንድ ኪሴ አውጥቶ በሌላው መክተት ነው?

መላሽ፣ ከአሜሪካ፦

እህቴ፣ በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ወገኖቻችን የግብር ቅጽ ሲሞሉ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን የማውቀው ከወረቀቱ በኩል ነው። ያበሳጨሽ የገበያ ታክስ ለብቻው ሲታይ በእርግጥ ድሃውን ይጫናል። ያገኘውን በወሩ የሚጨርስ ሰው በገቢው ሁሉ ላይ ይከፍላል፤ ግማሹን የሚያስቀምጠው በግማሹ ላይ ብቻ። እንዲያም ሆኖ ዴንማርክ የገቢ ልዩነታቸው ጠባብ ከሆነ አገሮች አንዷ ናት። ሰው ሁሉ የሚያየው የሚወስደውን እጅ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን የሚመልሰው ነው።

እስክሪብቶ አንሺና አስቢው። አንዱ 100 ያገኛል፣ ሌላው 1,000። ከሁለቱም እኩል 20 በመቶ ይቆረጥ። 80 እና 800 ቀራቸው፤ ልዩነቱ ያው አሥር እጥፍ ነው፣ ግብሩ ምንም አልለወጠም። አሁን የተሰበሰበውን 220 ለሁለት ከፍለሽ 110፣ 110 ስጫቸው። አንዱ 190 ያዘ፣ ሌላው 910። አሥር እጥፍ የነበረው ከአምስት እጥፍ በታች ወረደ። ለሀብታሙ የተለየ የግብር መጠን ሳይወጣ፣ ድሃው ድሃ መሆኑን ማስመስከር ሳያስፈልገው።

ባለሙያዎች ልዩነቱን የሚለኩት ጣሊያናዊው ኮራዶ ጂኒ በ1912 ባወጣው መለኪያ ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዜሮ ከሆነ ሁሉም እኩል ያገኛል፤ አንድ ከሆነ ሁሉንም አንድ ሰው ጠቅልሎታል። ቁም ነገሩ ሁለት ጊዜ መለካቱ ላይ ነው፤ ግብሩና ድጎማው ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ከገባ በኋላ ሌላ ጊዜ። አየርላንድን እዪ። ከገበያ በሚገኘው ገቢ ብቻ ሲለካ ከሀብታሞቹ አገሮች መካከል ልዩነታቸው ከሰፉት ትመደባለች፤ ግብሩና አበሉ ሲገባ ወደ መሐል ትመጣለች።

ለወንድምሽ የእኛን አገር ወረቀትም አሳዪው። እዚህም ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ለጡረታና ለጤና 7.65 በመቶ ይቆረጣል። ከዚህ ውስጥ የጡረታው 6.2 በመቶ ጣሪያ አለው፤ በ2024 ጣሪያው 168,600 ዶላር ነበር። በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ ያለው ሰው ገና መጋቢት እንደገባ ከዚያ ክፍያ ይገላገላል። የጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ታኅሣሥ ትከፍላለች። የጡረታ አበሉም በዚያው ልክ የተገደበ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ይገባኛል፣ የደመወዝ ወረቀቱን ሳይ ግን ደስ አይለኝም።

መላሽ፣ ከእንግሊዝ፦

ወንድሜ፣ ስለሚመልሰው እጅ አሳምረህ ተናገርክ። ያ እጅ ሲመልስ እንዴት እንደሚቆጥብም ንገራት እንጂ። እዚህ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ገቢህ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀንሳል፤ እጅህ ከገባው እያንዳንዱ ፓውንድ 55 ፔንስ። ተጨማሪ ሰዓት ሠርቼ አንድ ፓውንድ አገኘሁ እንበል። 20 ፔንስ የገቢ ግብር፣ 8 ፔንስ ብሔራዊ መድን ሄደ፤ 72 ቀረኝ። ከ72ቱ 55 በመቶውን ከድጋፌ ያነሱታል፤ ወደ 40 ፔንስ መሆኑ ነው። በእጄ 32 ፔንስ ቀረ። ቅዳሜን ሙሉ ቆሜ ሠርቼ ከአንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛው አልደረሰኝም። የአገሩ ከፍተኛ የገቢ ግብር መጣኔ ደግሞ 45 በመቶ ነው! ልዩነቱ ይጠባል፣ አልክድም፤ ከታች ያለው ሰው ራሱን ከፍ ለማድረግ ሲሞክር ግን የሚይዘው እግሩን ነው።

ቪዛው ላይ "ከሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ አያገኝም" ተብሎ የተጻፈበት ሰው ደግሞ ይህን ያህሉንም አያይም። ግብሩን እንደማንም ይከፍላል፣ አበሉን ግን መጠየቅ አይችልም። ለእሱ መንግሥት አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው።

መላሽ፣ ከአሜሪካ፦

ትክክል ብለሃል፣ ይህንን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። የእኔ ስሌት ለሁሉም እኩል የሚሰጥ ነበር። ለድሃው ብቻ ለይቶ የሚሰጥ ድጋፍ ወጪው ያነሰ ነው፣ ነገር ግን ገቢ ሲጨምር ድጋፉ ስለሚቀነስ ቅነሳው እንደ ግብር ይቆጠራል።

ለይቶ ሳይሆን ሰፋ አድርጎ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን እዚህ በ2021 አይተናል። የልጆች የግብር ድጋፍ ለአንድ ዓመት ከፍ አለ፤ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 3,600 ዶላር፣ ከዚያ በላይ እስከ 17 ዓመት ላለው እስከ 3,000 ዶላር። ግብር ለመክፈል የሚበቃ ገቢ የሌለው ወላጅም ሙሉውን አገኘ፤ ግማሹም ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ባንክ ገባ። የአገሪቱ የቆጠራ ቢሮ ድጋፎችን ጨምሮ በሚሠራበት መለኪያ የሕፃናት ድህነት በ2020 ከነበረበት 9.7 በመቶ ወደ 5.2 ወረደ። በ2022 ጭማሪው ሲቀር ወደ 12.4 ወጣ። ሁለት ዓመት፣ ወርዶ መውጣት። ከዚህ የጠራ ማስረጃ እምብዛም አይገኝም።

አንድ ነገር ለአዲስ ገቢዎች። ባለፈው የቅጽ መሙያ ወቅት አንድ የሁለት ልጆች አባት ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ሁለት ዓመት ገቢውን አላስታወቀም። "ግብር የሚያስከፍል ገቢ የለኝም፣ ምን ብዬ አስታውቃለሁ?" አለኝ። ከ1975 ጀምሮ ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠው ድጋፍ የሚገኘው ግን በዚያው ቅጽ በኩል ነው። የማያስታውቅ አያገኝም። ደግነቱ እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ የእሱም የልጆቹም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሥራ የሚያበቃ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ሁለቱንም ዓመት ሞላን። ፌስታሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆነኛል ብሎ።

ጠያቂ፣ ከዴንማርክ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ገንዘብ በእጅ ከመስጠት ይልቅ ዕቃውን ማርከስ አይሻልም? ነዳጅን መደጎም ለምሳሌ፤ ሁሉም ይጠቀማል።

መላሽ፣ ከአሜሪካ፦

ሁሉም ይጠቀማል፣ እኩል ግን አይደለም። የዕቃ ድጎማ የሚከተለው ብዙ የሚገዛውን ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች በታዳጊ አገሮች ላይ ባደረጉት ጥናት ከነዳጅ ድጎማ ከላይ ያለው 20 በመቶ የሚያገኘው ከታች ያለው 20 በመቶ ከሚያገኘው በአማካይ ስድስት እጥፍ ነው። መኪና የሌለው ሰው የሚደርሰው በአውቶቡስ ትኬትና በዕቃ ማጓጓዣ በኩል ብቻ ነዋ። ኢራን በታኅሣሥ 2010 ይህን ለመቀየር ሞክራ ነበር፤ የነዳጁን ዋጋ ከፍ አድርጋ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል በባንክ መስጠት ጀመረች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሪያሉ ግን ባለበት ቆሞ የኑሮ ውድነቱ ሄደ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የገንዘቡ አቅም ተሟጠጠ።

ድጎማ ሁሉ ደግሞ ድጎማ ተብሎ አይጠራም። እዚህ የቤት ብድር ወለድ ከሚታሰበው ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ እስከ 750,000 ዶላር ብድር ድረስ። ብድሩ ሲተልቅ ቅናሹም ይተልቃል። ተከራዩ ምንም የለውም። ይህን "የድሃ እርዳታ" ብሎ የሚያማርር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጠያቂ፣ ከዴንማርክ፦

ይህን ሳነብ የልጄ መዋያ ትዝ አለኝ። እዚህ ወላጅ የሚከፍለው ቢበዛ ከወጪው 25 በመቶ ነው፣ ገቢው ዝቅ ያለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ፤ እኔም ያንን ቅናሽ አገኛለሁ። እስካሁን ከደመወዝ ወረቀቴ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ ለወንድሜ ደውዬ ለሁለቱ ልጆቹ መዋያ በወር ስንት እንደሚከፍል እጠይቀዋለሁ። ይስቅ እንደሆነ እናያለን።