ፕሮቲየስ ነው ወይስ ሁለት ባክቴሪያ? የሽንት ካልቸር ግራ አጋባኝ

የዘጌ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ልምምድ ላይ ነኝ። ከዘጌ በጀልባ የመጣ የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት በብለድ አጋርና በማኮንኪ (ሁለት ዓይነት የባክቴሪያ ማብቀያ) ዘርቼ ነበር። በማግስቱ ብለድ አጋሩን ሳየው ነፋስ እንደነካው የጣና ውኃ ሞገድ በሞገድ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ተሸፍኗል፣ ለብቻው የቆመ አንድም ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) የለም። ማኮንኪው ላይ ግን ሮዝም ቀለም አልባም ኮሎኒ አለ። ከብለድ አጋሩ ወስጄ ባዮኬሚካል (ባክቴሪያውን ለመለየት የሚሠራ የኬሚካል ምርመራ) ሠራሁ፤ ዩሪኤዝ ፖዘቲቭ፣ ኤች ቱ ኤስ ፖዘቲቭ፣ ኢንዶልም ፖዘቲቭ። ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ደግሞ ኢንዶል ኔጌቲቭ ነው። ኢንዶል ፖዘቲቭ የሆነው ዘመዱ ፕሮቲየስ ቩልጋሪስ ነው ብዬ ልጻፍ? ሐኪሙ ውጤቱን እየጠበቀ ነው።

ማርታ ላብ፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትጽፍ! መልሱ ማኮንኪህ ላይ አለልህ። ሮዙ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሚያፈላ ነው፣ ቀለም አልባው አያፈላም፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ አለህ። ብለድ አጋር ላይ ፕሮቲየስ እየተስፋፋ ሌላውን ይሸፍነዋል፣ ሉፕህ (የመዝሪያ ሽቦህ) ሲነካው ሁለቱንም ነው ያነሳው። ዩሪኤዙና ኤች ቱ ኤሱ የፕሮቲየስ፣ ኢንዶሉ የሮዙ ሊሆን ይችላል። ሮዙ ደረቅና ጠፍጣፋ ከሆነ ኢ. ኮላይን ጠርጥር፤ የሚያዝለገልግና ትልልቅ ከሆነ ክሌብሴላን። አሁን ከማኮንኪው ከሁለቱም ለብቻው የቆመ አንዳንድ ኮሎኒ ውሰድና በየራሱ ማኮንኪ እንደገና ዝራ። በማግስቱ ንጹሕ መሆኑን አይተህ ባዮኬሚካሉን ለየብቻ ሥራ። ከተቀላቀለ እድገት ላይ የተሠራ ምርመራ የማንንም ባክቴሪያ ስም አይነግርህም። አንድ ቀን መዘግየቱን ለሐኪሙ ንገረው፣ ይገባዋል።

ጣና ዳር፦
ማርታ ያለችው ልክ ነው፣ ግን እኔን ያሳሰበኝ ናሙናው ነው። ስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ?

የዘጌ ልጅ፦
ጠዋት 2 ሰዓት ተሰጠ፣ እኛ ጋ 8 ሰዓት አካባቢ ደረሰ። በረዶ አልነበረውም።

ጣና ዳር፦
በዚህ ሙቀት 6 ሰዓት! ሽንት በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተዘራ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ አለዚያ ከቆዳ የገባችው ጥቂት ባክቴሪያም መንገድ ላይ ትራባለች። በ1 ማይክሮ ሊትር ሉፕ 100 ኮሎኒ ብትቆጥር በ1 ሚሊ ሊትር 100,000 ማለት ነው፣ ሆኖም ያ ቁጥር ፊኛዋ ውስጥ የነበረው ይሁን ጀልባው ላይ የተራባው በምን ታውቃለህ? እኔ ብሆን አዲስ ናሙና ነበር የምጠይቀው።

አዋላጅ ነኝ፦
ከእኛ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ነፍሰ ጡር ምልክት ባይኖራትም ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ በብዛት ከተገኘ ትታከማለች፣ ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላልና። ስለዚህ ስሙ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው መድኃኒት ኢ. ኮላይን ብዙ ጊዜ ይገድላል፣ ፕሮቲየስ ግን በተፈጥሮው አይበገርለትም። ስሙ ከተሳሳተ እናቲቱ የማይሠራ መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ናሙናውን ስትሰጥም ታጥባ፣ የመጀመሪያውን ለቃ፣ መሐል ላይ ያለውን በንጹሕ ዕቃ እንድትቀበል ቁጭ ብላችሁ አስረዷት፤ ዕቃውን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም።

የዘጌ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውለናል፣ ነገ በበረዶ ሣጥን ይመጣል። ሁለቱንም ኮሎኒ ለየብቻ ዘርቻለሁ። እንዲያው ግን ፕሮቲየሱ ነገም እንዳይሸፍንብኝ ምን ላድርግ?

ማርታ ላብ፦
ክሌድ የሚባለው ማብቀያ ካላችሁ ከብለድ አጋሩ ጎን እሱንም ዝራ። ጨው ስለሚያንሰው ፕሮቲየስ አይስፋፋበትም፣ ላክቶስ የሚያፈላውም ቢጫ ሆኖ ይለይልሃል።